ሽማግሌዎቹ የተደገፉት ቀይ ግድግዳ

ሞቼ ልገኝ፣ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል የለችም። ሞጣ የምታስተምረው ልጄ፣ ሽማግሌ ሊላክባት በተባለ ሰሞን ቢቸና ድረስ መጥታ ሳሎናችንን ቀባችው። አንዱ ግድግዳ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ ኮርኒሱ ሰማያዊ! ቀዩንማ ያየ ሁሉ በርበሬ እንደተጨሰበት ያስነጥሰዋል፤ ድመታችን እንኳ ሳምንት ሙሉ ጎረቤት አደረች። «አባዬ፣ የምወደው ልጅ ነው፤ ሽማግሌዎቹን አታመላልስብኝ» አለችኝ። «ልጁን በአንድ ቀን የሰጠ ምን አባት ይባላል? ሦስቴ ይመላለሷታል!» አልኳት። ከፍቷት ብሩሿን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች በረዶ የመሰለ ጋቢ ለብሰው ከሞጣ መጡ። «ተቀመጡ እንጂ» ብላቸው፣ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ሳወራ ሳወራ እግራቸው ዛለና ቀዩን ግድግዳ ደገፍ አሉ። ቀለሙ እንዳልደረቀ እኔ በምን አውቄ! «ለዛሬ ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ» ስላቸው ወደ በሩ ዞሩ። የሦስቱም ጀርባ ከትከሻ እስከ ተረከዝ ፍም መስሏል! ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «እንግዲህ ጌታው፣ ግድግዳዎ ተዛምዶናል፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት» አሉኝ። እንዲህ አድርጌ በባዶ እጃቸው ሞጣ ልስደዳቸው? «ሰጥቻለሁ! በሉ ተቀመጡ!» አልኩ። ከጓዳ የወጣው እልልታ ደጀን ድረስ ተሰማ።

እሺ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬያለሁ፤ ቀለሙ አለመድረቁንስ አውቅ ነበር።