ሼፉ ሽርጡን ፈትቶ ወጣ

በቴሌቪዥን ምግብ ሲሠራ የምናውቀው ሼፍ ሱሉልታ ላይ ምግብ ቤት ከፈተ ሲባል ሰምተን፣ እሁድ ከባለቤቴ ጋር ለምሳ ሄድን። የበግ ጥብሱ ገና እንደቀረበ ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ተነሣ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። "ወጣቶቹ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን እየተቃወሙ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል" አለች አስተናጋጇ። የመኪናዬን ቁልፍ ጨብጬ ብድግ ቁጭ ማለት ጀመርኩ። ሼፉ ከኩሽና ብቅ ሲል፣ "በሩን አስቆልፈው እንጂ!" ብዬ ጮኽኩበት።

እሱ ሽርጡን እየፈታ፣ "የአባቴ እርሻ እዚሁ ነው፤ ፕላኑ ውስጥ ገብቷል። እኔም ወደ እነሱ መሄዴ ነው" አለኝ። አፍሬ ቁጭ አልኩ። "መጀመሪያ ግን እናንተን ላሳልፋችሁ።"

ከመኪናችን ፊት ፊት እየሄደ፣ በኦሮምኛ "እንግዶቼ ናቸው!" እያለ መንገድ አስከፈተልን። ባለቤቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ "ሼፍ፣ ራስህን ጠብቅ!" አለችው። "እናንተም" አለና እንደ ተቃዋሚዎቹ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ወጣቶቹ መሀል ገባ።

የእንጦጦን ዳገት ስንጀምር ከኋላችን ተኩስ ሰማን። "እንመለስ!" አለች ባለቤቴ። እኔ ግን መንዳቴን ቀጠልኩ። ሼፉ በሕይወት መኖሩን እስክሰማ ድረስ፣ ሳምንት ሙሉ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።