የኩሽኔታ ማውጫዬ

ጨፋ ሮቢት ያለው ወፍጮ በገበያ ቀን ቆመና ሰዉ ማሽላውን እንደተሸከመ ሲንጋጋ፣ ባለወፍጮው ሐጂ እኔን አስጠሩ። ቀጥቃጭ ነኝ። ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ራሴ የሠራሁት የኩሽኔታ ማውጫ ነበረኝ፤ ያለ እሱ እንጀራ የለኝም። በእሱ አሮጌውን ኩሽኔታ ነቅዬ አዲሱን አስገባሁና ወፍጮው ተነሣ።

"ገለቶሚ! አላህ እጅህን ይባርከው!" ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ ሐጂ።

ውሃ ጠየቅሁ። ባለቤታቸው በቅል ሰጡኝ፤ ደጅ ቆሜ ጠጣሁ። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ማውጫዬን መርሳቴ ትዝ አለኝና ብመለስ፣ ሴትዮዋ ያንኑ ቅል ድንጋይ ላይ ሲከሰክሱት ደረስኩ።

"ምን ሆነ፣ እትዬ?"

"ልጆች አሉኝ" አሉ ቀና ብለው ሳያዩኝ፤ "የቀጥቃጭ ዓይን አይታወቅም።"

ማውጫዬን ስጠይቅ ሐጂ ከጓዳ ብቅ አሉ። "አስገብቼዋለሁ፤ እሱማ እዚሁ ይቀመጥ እንጂ! ነገ ቢበላሽስ?"

"እሱንም እኮ የቀጠቀጥኩት እኔው ነኝ፣ ሐጂ።"

"ብረት ምን አለበት!" ብለው ሳቁ።

የምኖረው መሬታቸው ላይ ነው፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሌላ የተሰበረ ባሌስትራ እስካገኝ ብዙ ሥራ አመለጠኝ። ማውጫው እዚያው ቀረ። ከኔ ቤት ወጥቶ እነሱ ጓዳ የገባው እሱ ብቻ ነው።