የጋሽ ወልደመስቀል ወፍጮና የኢየሩሳሌም መሣሪያ

ከሶዶ ወደ ቦዲቲ ስንጓዝ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም መንገድ ዳር ወረድን። ከአጠገቤ አንዲት ወጣት ካርቶን እንዳቀፈች ቆማለች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ኢየሩሳሌም እንደምትባልና በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ የምትሠራ መሐንዲስ እንደሆነች ነገረችኝ። አብረውን የወረዱት ጎረቤቴ ጋሽ ወልደመስቀል ጠጋ አሉ። የታወቁ ባለወፍጮ ናቸው።

«ምን ይዘሻል ልጄ?»

«የወፍጮ ጠባቂ ነው፤» አለች። «ውስጡ ከበቆሎ ፍሬ የምታንስ ቁራጭ አለች። በእሷም ውስጥ በዓይን የማትታይ ስስ ምላስ አለች፤ ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ አብራ ትንቀጠቀጣለች። የወፍጮው ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ መበላት ሲጀምር መንቀጥቀጡ ይለወጥና ቀይ መብራት ይበራል።»

«እስቲ ጮክ በይ!» አሏት። ደገመችላቸው።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«ቁራጯ ከውጭ ነው የምትመጣው። ሌላው እዚሁ ሶዶ ተሠራ። በኤግዚቢሽን ላይ ተጨበጨበልን፤ ምስክር ወረቀትም ተሰጠን። ከዚያ በኋላ የሚገዛ ጠፋ። የሶዶን ባለወፍጮዎች አዳርሼ ነው ወደ ቦዲቲ የመጣሁት።»

«ቢያስፈልግ ኖሮ ይሸጥ ነበር። እኔ ወፍጮዬን በጆሮዬ አውቃታለሁ። ደግሞስ ሲበላሽ ማን ሊጠግነው ነው? አንቺ አዲስ አበባ ስትገቢ እኔ ባዶ ሳጥን ታቅፌ ልቀር?»

ልጅቱ አልተቆጣችም። ለመቆጣት አቅም ያላት አትመስልም ነበር።

«እውነትዎን ነው ጋሼ። መጀመሪያ የሠራሁት ዱቄት ሲገባበት ቆመ፤ መብራት ሲቆራረጥም ተቃጠለ። አሁን ሁለቱንም ይችላል። የቦዲቲን ሬዲዮ ጠጋኝ አሠልጥኜ መለዋወጫውን እሱ ጋ አስቀምጣለሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ነገር ሞልቷል፤ ሰው አምኖ ካልገዛው ግን ማንንም አይጠቅምም። ይህን እስክረዳ ብዙ ደክሜአለሁ።»

እኔም ጣልቃ ገብቼ፣ «ጋሽ ወልደመስቀል፣ መሞከር ምን ይጎዳል?» አልኳቸው። ጎማው ተቀይሮ ስንሳፈር ልጅቱን ከጎናቸው አስቀመጧት። እምቢ አለማለታቸውን እንደ እሺታ ቆጠርነው።

ቦዲቲ ስንደርስ ወፍጮ ቤታቸው በገበያተኛ ተጨናንቋል። የሳቸው ልጅ አሳየሽ ወፍጮውን ከሚያዞረው ቀበቶ፣ ከቺንጋው አጠገብ ቆማ ዱቄት ትቀበላለች። ኢየሩሳሌም መሣሪያዋን ከካርቶኑ አውጥታ በወፍጮው ጎን አሰረችው። ብዙም ሳይቆይ ቀዩ መብራት በራ።

ጋሽ ወልደመስቀል ጎንበስ ብለው አዳመጡ። «ውሸቱን ነው! ድምፁ ደህና ነው።»

«አባዬ፣» አለች አሳየሽ፣ ወደ ጆሯቸው ተጠግታ። «ከሰኞ ጀምሮ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ስነግርህ ተቆጣኸኝ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያም ወረፋ የያዙትን ሴቶች። ሴቶቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ለካስ ሁሉም ያውቅ ነበር። ዕድሜ ልክ ከወፍጮ ጋር የኖረ ጆሮ እንደሚደክም ያልተቀበሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አጥፉት፤» አሉ በመጨረሻ።

ወፍጮው ቆሞ ሲከፈት ኩሽኔታው ተሰንጥቆ ተገኘ። ጥቂት ቢቆይ ዘንጉ ይነቀልና ቺንጋው ይበጠስ ነበር፤ የሚመታውም አሳየሽን ነበር። ጋሽ ወልደመስቀል ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱና እዚያው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ጆሮዬ ከሄደ ቆየ፤» አሉ ቀስ ብለው። «ወፍጮውን የሚቀሙኝ መስሎኝ ነው የደበቅሁት።»

«ማንም አይቀማዎትም፤» አለች ኢየሩሳሌም። «ይህ እኮ እርስዎ እንዲሠሩበት ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ለሌሎቹ ባለወፍጮዎች ያስረዱት ጋሽ ወልደመስቀል ራሳቸው ናቸው። ለመሐንዲሷ ያልተሳካው እሳቸው ሲናገሩ ተሳካ፤ አንድ ባለወፍጮ ሌላውን ባለወፍጮ ያምናልና። ዛሬ ኩሽኔታ ሳይሰበር በፊት ይለወጣል፤ በገበያ ቀን ወፍጮ ስለማይቆም እናቶች በቆሏቸውን ተሸክመው ሌላ ከተማ አይሄዱም፤ ሬዲዮ ጠጋኙም አዲስ ሙያ አገኘ። እውቀት ከመደርደሪያ ወርዶ ገበያ ሲገባ እንዲህ ለብዙ ሰው ይተርፋል።

የዚያን ዕለት ግን ይህን ሁሉ የሚያውቅ አልነበረም። አዲስ ኩሽኔታ ተገዝቶ ከገባ በኋላ ወፍጮው ሲነሳ ኢየሩሳሌም ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ሊቀሰቅሷት የፈለጉትን ሴቶች ጋሽ ወልደመስቀል በእጃቸው ከለከሉ።

«ተዉአት፤ ትረፍ፤» አሉ። «ነገ ብዙ ሥራ አለባት።»