የእማማ ለተብርሃን ስለት

እኛ ሰቆጣ ነርስ ሁሉ ሲስተር ነው፤ እኔንም የሚጠሩኝ ሲስተር ብለው ነው። ይህ ቃል አንዳንዴ ጉድ ያፈላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሆስፒታላችን ሲያዋልዱ የኖሩት፣ በምንኩስናቸው ሲስተር የሚባሉት ካቶሊካዊት መነኩሲት ጡረታ ሲወጡ ሽኝት አደረግንላቸው። ምስጋናው መሃል ላይ ከአበርገሌ የመጡት እማማ ለተብርሃን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ሲስተር፣ ልጆቼን ሁሉ የተቀበልሽልኝ አንቺ ነሽ» አሉ። «አንቺ ግን ልጅ የለሽም። እኔም ባልና ልጅ ስጫት ብዬ ለማርያም ጃንጥላ ተስዬልሽ፣ ይኸው እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።» ሲስተር ሳቃቸውን እንደ ምንም ዋጥ አድርገው፣ «እማማ፣ እኔኮ መነኩሴ ነኝ» አሏቸው። «መነኩሴ? ሲስተር አይደለሽም እንዴ?» ያኔ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለካ እማማ ያንን የሲስተርን የምንኩስና ነጭ ሻሽ የነርስ ልብስ ነው ብለው ኖረዋል። አፍረው ቁጭ ሲሉ አንጀቴን በሉት።

የማርያም ንግሥ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አዲስ ጃንጥላ ታቅፈው አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ስለቱ ሳይደርስ?» አልኳቸው።

«ማን አልደረሰም አለሽ?» አሉና ግቢውን የሞላውን ሕዝብ በከዘራቸው አሳዩኝ። «ይኼ ሁሉ ሲወለድ ማን ተቀበለው? ማርያም ያስቀረችባት ባሉን ብቻ ነው።»

እኔንም ስወለድ የተቀበሉኝ ሲስተር ናቸው። «እንግዲያው የስለቱ ልጅ እኔ ነኝ» ብዬ ጃንጥላውን ከእጃቸው ተቀበልኩና እኔው አስገባሁት።