ወይፈኑና የአእምሮ ትምህርቱ

ቁሐር ሚካኤል በሚባለው የገጠር ቀበሌያችን፣ እኛ ቤት ኔትወርክ ያለው የሩዝ ገለባው ክምር ላይ ብቻ ነው። እኔም የኦንላይን ትምህርቴን የምከታተለው እዚያ ላይ ተፈናጥጬ፣ የስልኩን ድምፅ ለቅቄ ነው። የዚያን ቀን መምህርቷ ስለ አእምሮ ታስተምረናለች። «የደነገጠ አእምሮ አይማርም፤ በረጅሙ ሲተነፍሱ ግን ይረጋጋል» ብላ ሳትጨርስ ስሜን ጠራችና «ለምን? ቶሎ መልስ! ነጥብ አለው!» ብላ ጮኸችብኝ። የማውቀው ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን አለ።

ከክምሩ ሥር አባቴ ወይፈን ለቀንበር እየገራ ነበር። «አይዞህ! ማንም አይመታህም! ቁም፣ ተንፍስ፣ ከዚያ ትሄዳለህ!» ሲል ማይኩ ክፍት ነበርና ክፍሉ በሙሉ ሰማው። እኔስ ብትሉ? እንደ ወይፈኑ ቆምኩ፣ ተነፈስኩ፣ መልሱ ወለል ብሎ ታየኝና መለስኩ!

መምህርቷ በደስታ «አባትህ ናቸው እንዲህ የሚያረጋጉህ? እስኪ አገናኘኝ!» አለች። ስልኩን ወደ ታች ዘረጋሁለት።

«ኧረ እኔስ ወይፈኑን ነው» አላት አባቴ። «ደንግጦ ሳለ ከጮሁበት ዕድሜ ልኩን ቀንበር ይጠላል። ለመሆኑ ቅድም ልጄ ላይ የምትጮኸው ማን ናት?»

መምህርቷ በቀጭን ድምፅ «እሱ… ኔትወርኩ ነው፣ አባባ» አለች።

ሳቄ ከክምሩ ላይ አንሸራትቶ ወይፈኑ እግር ሥር ዱብ አደረገኝ። አባቴ እየሮጠ መጣና «አይዞህ! ማንም አይመታህም!» አለ፤ ወይፈኑን።