ከሮም እስከ ስቶክሆልም

ስካይዌይ ወደሚባለው ሰፈር በሚሄደው የከተማ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጎልማሳና አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከኋላዬ ተቀምጠው በአማርኛ ያወራሉ።

«ሮም ስደርስ መኪና ሬንት አደርጋለሁ፣ እትዬ። እህቴን ይዤ በስዊዘርላንድ በኩል ፍራንክፈርት እንሄዳለን፤ እዚያ ወንድሜን እንጭናለን። ከዚያ በዴንማርክ አድርገን ስቶክሆልም፣ ትንሹ ወንድማችን ጋ።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አምስት ቀን።»

«የእናታችሁን ማረፍ እስካሁን አልሰሙም?»

«አልሰሙም። መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? ስቶክሆልም ሦስቱም አንድ ላይ ሲሆኑ እነግራቸዋለሁ። ተቃቅፈው ያልቅሱ።»

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ አላሉህም?»

«ቬኬሽን ነው አልኳቸው። ሶ፣ እህቴ ደስ ብሏት ፕላን እያወጣች ነው። የስዊዘርላንድ ተራሮች ጋ ስንደርስ ቆመን ፎቶ እንነሳለን ትላለች።»

«አምስት ቀን ሙሉ አጠገብህ ተቀምጣ ስትስቅ ትችለዋለህ?»

«እየነዳሁ አይደል? ዓይኔን ከመንገዱ አልነቅልም።»

«ተው ልጄ። ሮም ላይ ንገራትና እያለቀሳችሁ ሂዱ። ኋላ ስታውቅ ይቅር አትልህም።»

አውቶቡሱ ሁለት ቦታ ቆሞ ሰው አወረደ።

«ትናንት ኮል አድርጋ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ምን አለችህ?»

«ለእማዬ ሹራብ ገዝቻለሁ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልገህ ትልክልኛለህ አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው አልኳት።»

«እግዜር ያጥናህ» ልለው ዞር አልኩና መልሼ ወደ ፊት ዞርኩ።