ወልዴን ስጠረጥር

በእኛ ጊዜ ሰው ዛፍ ጥግ ሄዶ ቢቆይ የት ነበርክ ተብሎ አይጠየቅም ነበር። እኔ ግን እጠይቃለሁ። ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ! ሚስቴ ራሷ «አንተ እኮ የገዛ ጥላህን ትጠረጥራለህ» ትለኛለች።

ታዲያ መምህር፣ ይሄን የምነግርህ ደርግ ወድቆ፣ ኋላም ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅ ይባል በነበረበት ጊዜ የሆነውን ነው። እኔና ወልዴ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ካለው ጫካ ውስጥ በጋራ ቀፎ እንሰቅል ነበር። ወልዴ ማለት አብሮ አደጌ ነው፣ የልጄ የክርስትና አባት ነው። ሽበት አውጥተን እንኳ እሱ ዛፉ ላይ ይወጣል፣ እኔ ከታች ገመዱን እይዛለሁ፣ እንዲህ ነበር ሥራችን። እና አንድ ዓመት ማር ልንቆርጥ ገብተን ሳለ ወልዴ «መጣሁ» ብሎ ይጠፋል። ቆይቶ ቆይቶ ይመጣል። ደግሞ «መጣሁ»! «የት ነው?» ስለው «ምን አገባህ!» ይለኛል። ወልዴ እኮ እንዲህ ብሎ ተናግሮኝ አያውቅም! አሃ፣ ይሄ ሰውዬ እኔ የማላውቀው ቀፎ ሰቅሏል፣ ማሩን ለብቻው ሊያወጣ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

እና ተከተልኩት። ኮቴዬን አጥፍቼ፣ ቁጥቋጦውን እየታከክሁ ሄጄ ሳየው፣ ኧረ ምን ማር! ግንባሩን ግንድ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ያምጣል፣ ያምጣል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። እንባው ብቻ ይወርዳል።

«ወልዴ!» ስለው ክው አለ።

«ማን ተከተለኝ አለህ? ሌባ ነኝ?»

«አዎ፣ ሌባ መስለኸኝ ነበር» አልኩት። እኔ አልዋሽም።

«ሽንቴ እምቢ ካለኝ ቆየ። ለሰው ብትናገር፣ ለሚስቴ ብትተነፍስ፣ ሁለተኛ ዓይንህን አላይም!» አለኝ። አንጀቴን በላኝ። ይሄ ሰው ሊሞትብኝ ነው አልኩ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ቀበሌ «ከሃምሳ በላይ የሆናችሁ፣ ወንዶች ብቻ» ብሎ ስብሰባ ጠራን። ወንዶች ብቻ ሲባል መቼም ሰው ልቡ አይረጋም። አንዱ «ሊያዘምቱን ነው» ይላል፣ ሌላው «ሴቶቹን በመርፌ ወሊድ አስቁመው ጨረሱና ወደ እኛ ዞሩ፣ ሊያኮላሹን ነው!» ይላል። እኔም ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ነገሩ ካላማረኝ ልወጣ። ከጤና ጣቢያ የመጣ ነርስ ተነስቶ «ፕሮስቴት የሚባል ዕጢ አለ፣ ከሽንት ፊኛ ሥር ነው፣ የወንድ ብቻ ነው። ካንሰር ሊይዘው ይችላል፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ይታከማል» አለ። እኔ ወልዴን አየሁት። ወልዴ መሬት መሬቱን ያያል።

ጨቅጭቄ፣ ለምኜ፣ ለሚስትህ እነግራታለሁ ብዬ አስፈራርቼ፣ ቦንጋ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። «ጋሼ፣ ከኋላ በጣት መመርመር ያስፈልጋል። ከዚያ ደም እንወስዳለን» አይል መሰለህ! ወልዴ ብድግ አለና በቋንቋችን በካፊኛ «ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?» አለኝ። እኔም ልጁን አፈጠጥኩበት፤ «የት ነው የተማርከው? ደሙንስ የት ልታደርሱት ነው?»

ልጁ አልተቆጣም። «እንደ አባቶቼ ናችሁ። ደቂቃ አይፈጅም» አለ።

«ግባ እንጂ ወልዴ፣ ሞት ይሻልሃል?» ስለው ዞሮ አየኝ። መምህር፣ ያን አስተያየት አልረሳውም። «እንዲህ የምትገፋፋኝ ስወጣ የሰፈር መሳቂያ ልታደርገኝ ነው። አንተ ቅደም!» አለኝ። ጠረጠረኝ እኮ! እኔን! «አንተ ካልቀደምክ ንቅንቅ አልልም» አለ።

ምን ላድርግ፣ ገባሁ። ሱሪ ወረደ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ልጁ ጓንቱን አጥልቆ ነካ ነካ አደረገና እንደገና ተመለሰበት። መደጋገሙ አላማረኝም። «ጋሼ፣ ሽንት ያስቸግርዎታል?» አለኝ። «ኧረ ወዲያ! እንደ ጎረምሳ ነኝ» አልኩት። ከዚያ ወልዴ ገባ፣ ውስጥ ሆኖ በካፊኛ ሲሳደብ እየሰማሁ በሩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ሁለታችንንም ጠራን። ወልዴን «የእርስዎ በዕድሜ የሚመጣ እብጠት ነው፣ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ» አለው። ወደ እኔ ዞረና «እርስዎ ግን ጠጠር ያለ ነገር አግኝቼብዎታለሁ። ጅማ ልላክዎት» አለኝ።

«እኔን? የታመመው እኮ እሱ ነው! ደማችንን አቀያይረኸዋል!» ብዬ ጮህኩበት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በጣቴ ነው ያገኘሁት። ይሄ በሽታ ሲጀምር ድምፅ የለውም» አለኝ ቀስ ብሎ።

ፈራሁ መምህር፣ ለምን እዋሻለሁ። ወልዴ ነው ደግፎ ያወጣኝ። ጅማ ናሙና ወስደው ካንሰር ነው ሲሉኝ ከቦንጋው ልጅ ጋር ተማክረው ነው ብዬ እነሱንም ጠረጠርኩ! ከዚያ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። «ሳይሰራጭ ደርሰንበታል፣ እግዚአብሔርን ያመስግኑ» አሉኝ። ወልዴ ይሄን ሁሉ ጊዜ ከአጠገቤ አልተለየም። ዛሬም ስንገናኝ «ያዳንኩህ እኔ ነኝ» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ «ባልከተልህ ኖሮ አንተም እኔም የለንም» እለዋለሁ፣ እንዲሁ ስንጨቃጨቅ እንውላለን።

እና ወልዴን ጠረጠርኩ፣ ቀበሌውን ጠረጠርኩ፣ ሐኪሙን ጠረጠርኩ። የገዛ ገላዬን ግን አንድ ቀን ጠርጥሬው አላውቅም ነበር። አንተስ መምህር? ሃምሳን አልፈሃል አይደል? ታይተህ ታውቃለህ?

«ኧረ ጋሽ አለማየሁ፣ እኔ እኮ ምንም አያመኝም!»

እኔስ መች አመመኝ?